ስለ «መጠለያ» እና ስለ ዘመዶቹ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በትርጉምና በአስተርጓሚነት ሥራ ብዙ ዓመት ስቆይ እንደ «መጠለያ»፣ «መጠጊያ» እና «ጥገኝነት» ጥያቄ ያበዛብኝ ቃል የለም። ጠያቂዎቹ ጋዜጠኞች፣ የእርዳታ ሠራተኞች፣ ውጭ አገር ልጅ የሚያሳድጉ ወላጆች፣ አንዳንዴም መጠለያ ውስጥ የሚኖሩት ሰዎች ራሳቸው ናቸው። ደጋግመው የመጡትን እዚህ ሰብስቤ እንደማምንበት መልሻለሁ።

«መጠለያ» የሚለው ቃል ከየት መጣ?

ከጥላ ነው የመጣው። ግዕዙ ጸለለ ይላል፤ ጥላን ደግሞ ጽላሎት ይለዋል። ጸበልን ጠበል፣ ጸጉርን ጠጉር ያደረገው የአማርኛ ልማድ ይህንንም ሥር ወደ «ጠ» አዞረውና ጥላ፣ ተጠለለ፣ አስጠለለ፣ መጠለያ ተወለዱ። የመጨረሻው «ለ» በ«የ» መተካቱ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ከፈለ መክፈያን፣ ነቀለ መንቀያን እንደሰጠው ነው።

እንግዲህ ይህን ቃል የፈጠሩት ሰዎች መጀመሪያ የሸሹት ጠላትን ሳይሆን ፀሐይን ነበር ማለት ነው። ቀትር ላይ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ግራር ሥር ሲገባ ተጠለለ እንላለን። የግራር ጥላ ግድግዳ የለውም፤ ማንም መጥቶ አጠገቡ ሊቀመጥ ይችላል፤ ፀሐይ ስትዞርም ተነሥቶ አብሮ መዞር ነው። ይህ ስሜት እስከ ዛሬ ከቃሉ አልጠፋም። መጠለያ ስንል ችግሩ እስኪያልፍ የሚቆዩበትን እንጂ ዕድሜ ልክ የሚኖሩበትን ቦታ አናስብም። «ጊዜያዊ መጠለያ» የሚለው ሐረግ ራሱ ጥቂት ድግግሞሽ አለበት፤ ሆኖም ሰዎች መጠለያ ውስጥ ዓመታት ማሳለፍ ከጀመሩ ወዲህ «ጊዜያዊ» የሚለውን መጨመር ግድ ሳይሆን አልቀረም።

ዘመዶቹ ሩቅ አገርም አሉ። ዐረብኛ ጥላን «ዚል» ይለዋል፤ በባሕረ ሰላጤ አገሮች ሠርቶ የተመለሰ ሰው የሚያውቀው «ሚዘላ»፣ ማለትም ዣንጥላ፣ በአሠራሩ ከእኛው መጠለያ ጋር አንድ ነው። ዕብራይስጡም ጥላን «ጼል» ይላል። በሌላ በኩል «የጠለለ ውሃ» እና «ከባሕር ጠለል በላይ» ውስጥ ያለውን ጠለል ከዚህ ቤተሰብ አትቁጠሩት፤ እሱ ዝቃጩ ወርዶለት የጠራን፣ የተስተካከለን ነገር ነው የሚናገረው።

«መጠለያ» እና «መጠጊያ» አንድ አይደሉም እንዴ?

አይደሉም። «መጠጊያ» የመጣው ከ«ጠጋ» እና ከ«ተጠጋ» ነው። መጠለያ ከላይ የሚወርደውን ይመክታል፤ መጠጊያ ግን የሚጠጉትን ሰው ወይም አምላክ ይፈልጋል። ስለዚህ ለሰው «መጠጊያዬ ነህ» እንላለን፤ «መጠለያዬ ነህ» ብንለው ጆሮ ይቆረቁራል። ቤት ኖሮት መጠጊያ ያጣ ሰው ሞልቷል። መንገድ ዳር እያደረም «አንዲት መጠጊያ እኅት አለችኝ» የሚል ሰው አጋጥሞኛል።

በ1954 ዓ.ም. የታተመው አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ መዝሙር 91ን ሲጀምር «በልዑል መጠጊያ የሚኖር ሁሉን በሚችል አምላክ ጥላ ውስጥ ያድራል» ይላል። ሁለቱ ሥሮች በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ጎን ለጎን ቆመዋል፦ መጀመሪያ መጠጋት፣ ቀጥሎ ጥላ። ዳዊትን በግዕዝ ለሚደግም ሰው ይህ መዝሙር 90ኛው ነው፤ እዚያም «ጽላሎት» ቦታውን ይዞ ይገኛል።

«አለኝታ» የሚለውን ቃል ሳላነሣ ይህን ጥያቄ መዝጋት አልፈልግም። «አለኝ» ከሚለው የተሠራ ስም ነው። ሰው በቀኑ ጨለማ ላይ «እሱ አለኝ» የሚለው ሰው አለኝታው ይሆናል። በትርጉም ሥራ ይህን የሚተካ ቃል ፍለጋ ብዙ ሰዓት ፈጅቻለሁ፤ እስካሁን አላገኘሁም።

«ጥገኝነት» ለምን ደስ የማይል ስሜት ይሰጣል?

ሁለት ሸክም ስለተሸከመ ነው። ቃሉ ውስጥ «ጥግ» ይታያል፤ ጥገኛ ማለት ጥግ ይዞ የተቀመጠ፣ የተጠጋ ሰው ነው። በዚህ ላይ ምንም ነውር የለም። ይሁን እንጂ ያው ቃል በሌላ በኩል ራሱን ያልቻለን፣ በሌላው ጫንቃ የሚኖርን ሰው መጥሪያ ሆነ። የሥነ ሕይወት መምህራን ደም መጣጩን ትል «ጥገኛ ተውሳክ» አሉት፤ የኢኮኖሚ ጸሐፊዎች ደግሞ «የእርዳታ ጥገኝነት» አሉ። ከዚያ በኋላ አንድን የተሰደደ ሰው «ጥገኝነት ጠያቂ» ስንለው፣ እነዚህ ሁሉ ትርጉሞች ተከትለውት ይገባሉ።

ይህን ያስተማረችኝ አንዲት ሴት ናት። በአንድ የስደተኞች ጉዳይ ቢሮ ውስጥ ላስተረጉም ተቀምጬ ነበር። ሃምሳ ዓመት የሚሆናት፣ ነጠላዋን በደንብ ያጣፋች፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ያስቀመጠች እናት ነበረች። መርማሪው የጠየቃትን እኔ እንደተለመደው «ጥገኝነት የጠየቁት ለምንድን ነው?» ብዬ አቀረብኩላት። ቀና ብላ አየችኝ። «ልጄ፣ እኔ የማንም ጥገኛ ሆኜ አላውቅም» አለች። «ከልጅነቴ ጀምሮ እንጀራ ጋግሬ ሸጬ ነው ልጆቼን ያሳደግሁት። እዚህም ሥራ ስጡኝ እንጂ ጡሩኝ አላልኩም።» ከዚያ ዝም አለች። መርማሪው የእሷን ዝምታ መልስ የማጣት አድርጎ ሊጽፈው ብዕሩን አነሣ።

እኔም አስፈቅጄ፣ የተጠቀምኩበት የአማርኛ ቃል ሁለት ትርጉም እንዳለው ለመርማሪው አስረዳሁት። ከዚያ ወደ እሷ ዞሬ «እናቴ፣ ምን ሸሽተው መጡ? ተገን የሚፈልጉት ከምን ነው?» አልኳት። ያን ጊዜ ለሁለት ሰዓት ያህል ተናገረች።

ስለዚህ መልሴ ይህ ነው፦ በሕግና በዜና ቋንቋ «ጥገኝነት» ጸንቷል፤ በአንድ ጀንበር ልናስወጣው አንችልም። በሰው ፊት ስትናገሩ ግን «ተገን መጠየቅ»፣ «ከለላ መጠየቅ» በሉ። ሰውየውን ደግሞ በምንም መንገድ «ጥገኛ» አትበሉት። «ጥገኝነት ጠያቂ» ለማለት አጥሮ «ጥገኛው» ተብሎ የተጻፈ ዜና አንብቤ አውቃለሁ፤ ይህ ስሕተት እንጂ ማሳጠር አይደለም።

ተገን መስጠት ለእኛ ከውጭ የመጣ ሐሳብ ነው?

አይደለም። በእስልምና ታሪክ ነቢዩ መሐመድ ተከታዮቻቸውን በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ ወደ አክሱም ንጉሥ ልከዋል። የመካ ሰዎች መልእክተኛና ስጦታ አስከትለው ስደተኞቹ እንዲመለሱላቸው ቢጠይቁ፣ ንጉሡ የሁለቱንም ወገን ነገር ከሰማ በኋላ አሳልፌ አልሰጥም አለ። ትግራይ ውስጥ ያለችው ነጋሽ የዚያ ስደት መታሰቢያ ናት።

በጎንደር ዘመንም እጨጌ ቤት የሚባለው የከተማው ክፍል የመማፀኛ ሰፈር ነበር። የመነኮሳት አለቃ የሆነው የእጨጌው መቀመጫ በመሆኑ፣ ንጉሥ ወይም መስፍን የተቆጣው ሰው እዚያ ከገባ ጎትቶ ማውጣት ነውር ነበር፤ ጦርነት ሲመጣም ሰው ንብረቱን ወደዚያ ያሸሽ ነበር። በብዙ ገዳማትና አድባራትም እንዲህ ያለ ልማድ ነበር።

በእኛ ቋንቋ የተገን ፍሬ ነገር ያለው «አሳልፎ አለመስጠት» በሚለው ውስጥ ይመስለኛል። ሰውን አሳልፎ መስጠት ክህደትም ነው፣ በሕግ ቋንቋ ደግሞ ተፈላጊን ለሌላ አገር ማስረከብም ነው። የዛሬዎቹ ሕጎች ከዚያው ይነሣሉ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት አዲስ አበባ ላይ በ1969 እ.ኤ.አ. ሲፈረም፣ ተገን የፈለገን ሰው ሕይወቱ ወይም ነጻነቱ አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት አገር መመለስን ከልክሏል። በአገራችን ደግሞ አሁን የሚሠራበት የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ነው።

«ተማፀነ» በ«ጸ» ነው ወይስ በ«ፀ» የሚጻፈው?

በ«ፀ»፣ ምክንያቱም የመጣው ከማሕፀን ነው። ግዕዙ ተማሕፀነ ይላል፤ ሥሩ ሐፀነ፣ ማለትም አቀፈ፣ አሳደገ ነው። ሕፃንም ማሕፀንም ከዚያው ይወጣሉ። የተማፀነ ሰው እንግዲህ እንደ ሕፃን ልጅ ራሱን በሌላው እቅፍ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ነው። ከሁሉም የከለላ ቃሎቻችን ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ አላውቅም። «እማፀንዎታለሁ» የሚለውን በማመልከቻ መዝጊያ ላይ ለልማድ ብቻ ስንጽፈው ያሳዝነኛል።

በእስራኤል የምንኖር ሰዎች «ሚቅላት»ን፣ ማለትም ሮኬት ሲተኮስ የሚገባበትን ቦታ፣ በአማርኛ ምን እንበለው?

በስብሰባና በጽሑፍ «መጠለያ» በሉት። የማስጠንቀቂያ ደወል ሲጮኽ ግን ቤተሰቡ በለመደው ቃል ጥሩ፤ ልጆቹም አያቶቹም «ሚቅላት» ካሉ ሚቅላት ይሁን። በጋዛ ዙሪያ ባሉ ሰፈሮች ሮኬት ሲተኮስ ወደ መጠለያ ለመግባት የሚሰጠው ጊዜ 15 ሰከንድ ነው፣ ቴል አቪቭ አካባቢ ደግሞ 90 ሰከንድ። በ15 ሰከንድ ውስጥ ሰው ንጹሕ አማርኛ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው እግሩን የሚያስነሣ ቃል ነው። ቃሉን ቀን ቀን፣ ፀጥታ ባለበት ሰዓት ለአያቶች ደጋግሞ መንገር ይሻላል።

«ማማድ» ግን ሌላ ነው። እሱ በመኖሪያ ቤቱ ውስጥ ያለ፣ በብረትና በሲሚንቶ የተጠናከረ፣ ከባድ የብረት በርና የመስኮት መዝጊያ ያለው ክፍል ነው። «የተከለለ ክፍል» ብለን ብንተረጉመው ይገልጸዋል። እንዲህ ያለ ክፍል በአዳዲስ ቤቶች ውስጥ መሥራት ግዴታ የሆነው ከ1991ዱ የባሕረ ሰላጤ ጦርነት በኋላ ነው። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር፣ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በሁለት ቀን ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወስደዋል። ብዙዎቹ ሲደርሱ መጀመሪያ ያደሩት «መርካዝ ክሊታ» በሚባሉት የመቀበያ ማዕከሎች ነበር።

«ክሊታ» እና «ሚቅላት» ደግሞ ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት ናቸው። ሥሩ ተቀበለ፣ ወደ ውስጥ አስገባ ማለት ነው። ዕብራይስጡ ኦሪት በስሕተት ሰው የገደለ ሰው የሚሸሽባቸውን ስድስት ከተሞች የሚጠራውም በዚሁ «ሚቅላት» ነው፤ አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «የመማፀኛ ከተሞች» ብሎታል። አንድ አባት ልጃቸው የሠፈሩን ሚቅላት ትርጉም ሲጠይቃቸው «እኛን የተቀበሉበት ቃል ነው» ብለው እንደመለሱለት ነግረውኛል። ዕብራይስጥ ሳይማሩ ሥሩ ላይ ደርሰዋል።

«ተገን» መልካም ቃል ነው ወይስ መጥፎ?

ሁለቱንም ይሆናል። «ተራራውን ተገን አድርጎ የተሠራ መንደር» ሲባል መልካም ነው። «ጨለማን ተገን አድርገው ገቡ» ሲባል ግን ወንጀል ይሸታል። የሚለየው ከ«አድርጎ» ጋር የሚመጣው ነገር ነው፤ «ተገን ሰጠ»፣ «ተገን ሆነ» ሁልጊዜ ንጹሕ ናቸው።

«ድኅነት»፣ «ድህነት»፣ «ደኅንነት»፤ እነዚህን እንዴት እንለይ?

በሥራቸው ነው የሚለዩት። ግዕዙ ድኅነ ማለት ዳነ ነው፤ ከእሱ ድኅነት፣ ማለትም መዳን፣ ደኅና እና ደኅንነት ይወጣሉ። ማጣትና ችግር ግን ከደኸየ ነው፤ ለዚህ «ድኽነት» ወይም በተለመደው አጻጻፍ «ድህነት» ይጻፋል። የሚለያያቸው አንድ ፊደል ብቻ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይቀላቀላሉ። «ድኅነትን እናጥፋ» ተብሎ የተጻፈ ትልቅ ጽሑፍ በአንድ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አይቻለሁ፤ እንደ ፊደሉ ብናነበው መዳንን እናጥፋ ነው የሚለው። ጋዜጦች ፊደሉን ከመለየት «ኅ»ን ትተው ሁሉንም በ«ህ» መጻፍ ከጀመሩ ቆይተዋል። እኔ ለእነዚህ ሦስት ቃላት ብቻ እንኳን ልዩነቱ ቢጠበቅ ደስ ይለኛል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። «ደኅንነት» ስንል ብዙ ሰው የሚሰማው የስለላ መሥሪያ ቤትን ነው። «የደኅንነት ሠራተኞች ይረዱዎታል» የሚል ማስታወቂያ አገሩን በፍርሃት ጥሎ የመጣን ሰው ከበሩ ይመልሰዋል። «የጥበቃ ሠራተኞች» ማለት ይበቃል።

«ከለላ» እና «ክልል» ይዛመዳሉ?

አዎ። ከለለ ማለት ዙሪያውን ጋረደ፣ አጠረ ነው። ከለላም ክልልም፣ በግዕዝ በኩል አክሊልም ከዚያው ናቸው። በአነጋገር «ጥላ ከለላ» ብለን ስናጣምራቸው ጥላው ከላይ፣ ከለላው ከዙሪያ ይመጣል። የዱር እንስሳትም የጥላን ቤተሰብ ይጋሩናል፤ ባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ፣ ሰንቀሌ የቆርኬዎች መጠለያ ይባላሉ።

ተፈናቃዮች ራሳቸው ለምን «መጠለያ» ሳይሆን «ካምፕ» ይላሉ?

«መጠለያ» የቢሮ ቃል ሆኖባቸዋል። ሰነዱ «የተፈናቃዮች መጠለያ ጣቢያ» ሲል፣ እዚያ የሚያድር ሰው የሚያየው በእንጨት ላይ የተወጠረ ሸራ ነው፤ ከሥሩ ጭቃ፣ ከላዩ ነፋስ ሲመጣ የሚንጫጫ ላስቲክ። «ሸራ ውስጥ ነን»፣ «የላስቲክ ቤት ነው» ይላሉ። ባለቤቶቹ የሚሉት የበለጠ እውነት ስለሆነ፣ ዜና ስትጽፉ ሁለቱንም እንድታስቀምጡ እለምናለሁ።

አማርኛ ለጊዜያዊ ማረፊያ ቃል አጥቶ አይደለም። ሠርግም ሐዘንም ሲመጣ ዳስ እንጥላለን፤ ልጆች ዳስ ውስጥ ተምረዋል። ኦሪታዊው የዳስ በዓል በግዕዝ በዓለ መጸለት ነው፣ ይህም ያው የጥላው ሥር ነው። ዝናብ ሲያካፋ ደግሞ የሰው ታዛ አለ። ይሁን እንጂ ዳስ የሚጣለው ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ቅጠልና እንጨት አምጥቶ ነው፤ በዓሉ ወይም ሐዘኑ ሲያልፍም ይፈርሳል። ተፈናቃዩ ሸራውን «ዳሴ» የማይለው ለዚህ ይመስለኛል።

«ስደተኛ» እና «ተፈናቃይ»ንም አታምታቱ። የአገሩን ድንበር የተሻገረው ስደተኛ፣ በአገሩ ውስጥ ከቀዬው የተነሣው ተፈናቃይ ነው።

አንድን ሰው ወደ ቤት ስናስገባ ከእነዚህ ቃላት የትኛውን እንጠቀም?

አንዱንም አንጠቀምም። ማንም በሩ ላይ ለቆመ ሰው «መጠለያ እሰጥዎታለሁ» አይልም። በገጠር የመሸበት መንገደኛ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ቤቶች! የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል። ውሻው ይጮኻል፣ ከውስጥ አንድ ሰው ኩራዝ ይዞ ይወጣል። ስምም፣ አገርም፣ ለምን እንደመሸበትም አይጠይቅም፤ ያ ሁሉ የሚነሣው እግር ከታጠበና እራት ከቀረበ በኋላ ነው። ከበሩ የሚመለስለት መልስ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ይግቡ» ነው።